የማርከሩ ክዳን

ፓንያ የማርከሩን ክዳን በመዳፏ ጨብጣ ቆማለች። ማርከሩ ራሱ በቡድን ጓደኛዋ በግራንት እጅ ነበር። የሂሳብ ውድድሩ ሰሌዳ ላይ x³ = 4x የሚለውን ጥያቄ ሁለቱንም ጎን ለ x አካፍሎ፣ ሁለትና ነጌቲቭ ሁለት ብሎ መለሰ። ዳኛዋ "ሦስተኛውስ?" ብላ ጠብቃ፣ ግራንት ትከሻውን ሲሰብቅ "ዜሮ" ብላ ዙሩን ለተጋጣሚዎቻቸው ለሴንት ክላውድ ልጆች ሰጠች።

"ዜሮ እኮ ምንም ማለት ነው፤ ማን ይጽፈዋል?" አለ ግራንት እየሳቀ።

አሰልጣኙ ሚስተር ሆልግሬን ግን እሱን ትተው እሷ ላይ አፈጠጡ። "እሱ ይጽፋል፣ አንቺ ታርሚያለሽ አላልኩም? አፍሽን ምን ዘጋው?"

ደሟ ፈላ። ማርከሩን ከግራንት እጅ መንጭቃ x(x − 2)(x + 2) = 0 ብላ ጻፈች። ሦስቱ ተባዝተው ዜሮ ከመጡ አንዳቸው የግድ ዜሮ ነው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ያው x ራሱ ነው። ማርከሩ ሲጢጥ እስኪል ድረስ xን ከበበችው።

"'አታካፍል፣ በማባዛት መልክ እንጻፈው፣ ዜሮዋ ትጠፋብናለች' ብዬዋለሁ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል።" ክዳኑን ቀጭ አድርጋ ገጠመችና ማርከሩን ለአሰልጣኙ ዘረጋችላቸው። "'እሽሽ፣ ልጁን አትረብሺው' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"