ከዳገቱ ሥር የዞረው የሙሽራ መኪና

ሚዜው ምንተስኖት የስፖርት መኪናውን ሞተር አስለውጦ፣ ከመሬት ዝቅ አስደርጎ ለጓደኛው ሠርግ አመጣው። አውቶማቲክ ካምቢዮው ግን ከሙሽሪት ቤት በታች ካለው ዳገት ሥር እምቢ አለ። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም።

«ወደፊት መሄዱን ትቷል፤ የሚሠራው የኋላ ማርሹ ብቻ ነው» አለ ምንተስኖት።

ሙሽራው ሽቅብ ተመለከተ። የሙሽሪት ወንድሞች በሩን ዘግተው፣ አናስገባም እያሉ ይጨፍራሉ። የታላቅ እህቷን ባል ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያቆሙ ሰዎች ናቸው።

«በእግሬ ልውጣ እንዴ?»

«ሙሽራ በእግሩ ሲመጣ የት አይተሃል? እናዙረውና በኋላ ማርሽ እንወጣዋለን።»

አጃቢዎቹ እየገፉ አዞሩት። አፍንጫው ወደ መጣበት፣ ቂጡ ወደ ሙሽሪት ቤት ሆነ። ምንተስኖት ማርሹን ሊያስገባ ሲል ላይ ቤት ጭፈራው ቀጥ አለ።

በሩ ተበረገደ። ወንድሞቿ ቁልቁል ሮጡ፤ አባትየውም ካባቸውን ሰብስበው ተከተሉ። ታላቅ ወንድሟ የመኪናውን በር ከፍቶ የሙሽራውን ክንድ ጨበጠ።

«ምነው ወንድሜ፣ ወግ እኮ ነው!» አለ እያለከለከ። «ለጨዋታ ነው የዘጋነው። በሞቴ ግባ።»

«ግባ ልጄ» አሉ አባትየው፤ «ማንም አይከለክልህም።»

ሙሽራው ስለ ካምቢዮው ትንፍሽ ሳይል፣ ብዙ እንደተለመነ ሰው ቀስ ብሎ ወረደ።