መቶ አንገት

ኦቴንግ ከዋና ከተማው ከጋቦሮኔ ወደ ትውልድ መንደሩ ሾሾንግ የተመለሰው በአንድ ሻንጣ ልብስና በአራት ካርቶን የአንገት ቀበቶ ነው። ቀበቶው የከብት ነው። ከብቷ የትም ትሂድ፣ ያለችበት ቦታ በባለቤቱ ስልክ ላይ ይታያል።

ቀበቶውን የሚሠራውን ድርጅት ያቋቋሙት ሁለት ሆነው ነበር። ጓደኛው ደሞዝ ያለው ሥራ አግኝቶ ትቶት ሄደ። ባንኩ የቤት ካርታ አምጣ አለው። ለወጣቶች ገንዘብ የሚያበድረው መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ትርፍህን አሳየኝ አለው። በመጨረሻ ከኬፕ ታውን የመጡ ባለገንዘቦች ቀበቶውን አገላብጠው አዩና ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ብርዱ ሳያልፍ መቶ ከብት፣ አንድ ሙሉ መንጋ፣ ቀበቶ አድርጎ ማየት አለባቸው። ካልሆነ ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ኦቴንግም ድርጅቱን ዘግቶ የሰው ተቀጣሪ ይሆናል።

አባቱ ከቤቱ ጓሮ ስድስት ላሞች አሏቸው። ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል። ኦቴንግ የሚሸጥ ወይም ለብድር የሚያዝ ከብት ሌላ ቦታ እንዳላቸው ሲጠይቃቸው፣ የሰውን ከብት መቁጠር የሰውን ጥርስ መቁጠር ነው አሉት። ቆይተው ደግሞ፣

«ያለውን ታያለህ» አሉ።

ኦቴንግ ከከብት ጋር አላደገም። ትምህርት ቤቱ አዳሪ፣ ዕረፍቱም ከተማ አክስቱ ዘንድ ነበር። ከዚህ ቤት የወሰደው አንድ ምልክት ብቻ ነው። ገና ሲድህ እናቱ እሳት የሚቆሰቁሱበት የጋለ ብረት ላይ ወድቆ፣ ክንዱ ላይ መሃሏ የተሰነጠቀ ግማሽ ጨረቃ ቀረችበት። እናቱ ሲያለቅሱ አባቱ «ደግ ነው፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» ብለው ወጡ ይባላል። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቅበታል።

ኦቴንግ በመጣ ሰሞን ብረቱ ከምድጃው ዳር አልነበረም። ብርድ በገባ ቁጥር ለጥቂት ቀናት ይጠፋል። እናቱ እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ አጉረመረሙ። አባቱ ከመንደሩ ሽማግሌ ከራ ሌፎኮ በረት የመጣውን የረጋ ወተት ጠጡ።

በሾሾንግ በአንድ በረት ከመቶ ከብት በላይ የሚያሳድሩት ራ ሌፎኮ ብቻ ናቸው።

ኦቴንግ ሸንጎ ላይ ቆሞ ስለ ቀበቶው አስረዳ፤ ራ ሌፎኮንም ለከብቶቻቸው እንዲገዙ ጠየቃቸው። የባለቤቱን ምልክት ለማተም ምስኪን እንስሳ በጋለ ብረት መተኮስ ያለፈበት ነገር ነው አለ። እሱ ራሱ የከብት ምልክት ማንበብ እንደማይችል፣ ስልኩ ስለሚያነብለትም መማር እንደማያስፈልገው ተናገረ።

«ስልክህ ወተትም ያልባል?» አለ ከኋላ አንዱ። ሸንጎው ሳቀ።

ራ ሌፎኮ አልሳቁም። ላስብበት አሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱን ይዘው ራሳቸው እቤት ድረስ መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው የማሩላ ዛፍ ሥር ከአባቱ ጋር ትንሽ ተቀመጡ፣ ከዚያ ኦቴንግን ጠሩት።

«አይሆንም፣ ልጄ።»

ኦቴንግ ዋጋውን ቀነሰ። ራ ሌፎኮ አሰቡበት፣ መጡ፣ ማሩላው ሥር ተቀመጡ፣ አይሆንም አሉ። ቀበቶውን በነጻ ላድርግላቸው አለ። አሁንም እንደዚያው ሆነ።

ያን ጊዜ ኦቴንግ መጠርጠር ጀመረ። ነጻ ነገር የሚጠላ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። መንደሩን ቤት ለቤት እየዞረ፣ ይህች አገር የማታድገው በእንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ነው አለ። በሚቀጥለው ሸንጎ ላይ ደግሞ ሁሉም እየሰማ ተናገረ።

«ከብቱ ያለበት ቦታ እንዳይታወቅ የሚፈራ፣ የሰው ከብት የያዘ ሰው ነው።»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አዩ። አንዱ ሳለ። ራ ሌፎኮ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ እያዞሩ ወደ ኦቴንግ አባት ተመለከቱ። አባቱ የራሳቸውን ባርኔጣ ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ።

ባለገንዘቦቹ ሊመጡ ሲቃረቡ፣ ኦቴንግ አንዱን ካርቶን ተሸክሞ ራ ሌፎኮ በረት ድረስ ሊሄድ ተነሣ። ከዚያ ቀን በፊት ረግጦት አያውቅም። አባቱ መንገዱ ክፉ ነው፣ እሾህ ነው፣ አትሂድ አሉት። በአንድ ቀን ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቶ አያውቅም። ሄደ።

ከብቶቹ ውኃ ሊጠጡ ተሰልፈው ነበር። የሰቡ፣ ቀይና ዳልቻ፣ ዓይን የማይጨርሳቸው። ራ ሌፎኮ ውኃ እየቀዱ ነበር። የሸሚዛቸው ጀርባ ተቀዷል።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለ ኦቴንግ። «የተሰረቁ ናቸው?»

«የተሰረቁ አይደሉም። የሰው ናቸው።» ባልዲውን አስቀመጡ። «እኔ ከብት አጋጅ ነኝ። ወተቱ የኔ ነው፣ ባለቤቱ በዓመት አንዲት ጊደር ይሰጠኛል። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው።»

«ታዲያ ባለቤቱን ለምን አልጠየቁልኝም?»

«በጠየቅኸኝ ቁጥር ጠይቄልሃለሁ። እኔስ ደስ ይለኝ ነበር፤ የጠፋ ከብት ፍለጋ ጉልበቴን ጨርሶታል። እሱ ግን፣ ቀበቶው ከብቱ ያለበትን ከነገረ ቁጥሩንም ይነግራል አለ። ሰዎች ቁጥሩን ካወቁ ለምነው ይጨርሱታል አለ።»

«ስሙን ይንገሩኝ። እኔ ራሴ እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ።»

«ስሙን መጥራት የኔ አይደለም። ምልክት ማንበብ አልችልም ብለሃል አይደል?»

ራ ሌፎኮ አንዲት ቀይ ላም በቀንዷ ይዘው ጎኗን ወደ እሱ መለሱና፣ ታፋዋ ላይ የተጋገረውን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉት።

መሃሏ የተሰነጠቀ ግማሽ ጨረቃ ነበረች።