የኮርኒሱ አይጦች

ዓለምብርሃን ክፍሉን ገና ከደጃፍ ሲያየው ደሙ ፈላ። ግድግዳው በተደፈጠጠ ትኋን ደም ተዥጎርጉሯል። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል። ቧንቧው ሲከፈት ያፏጫል እንጂ ውሃ አይወጣውም። የበሩ ቁልፍ ይዞራል፣ ግን አይቆልፍም።

ከአዲስ አበባ የመጣ የቡና ጥራት መርማሪ ነው። ሰኮሩ ላይ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በክረምት ዝናብ ሲገፋ ነው የዋለው። ጅማ ሲደርስ የፈለገው ደረቅ አልጋ ብቻ ነበር።

የሆቴሉ ኃላፊ ወይዘሮ ዘይቡ ይባላሉ። ቤቱን የሠሩት ሟች ባላቸው ናቸው። ከተወረሰ ወዲህ ግን ሴትዮዋ በገዛ ቤታቸው ደመወዝተኛ ሆነዋል። ዓለምብርሃን ሲገባ ከፊት በኩል ካሉት ክፍሎች የአንዱን ቁልፍ አንሥተውለት ነበር። ስሙንና መሥሪያ ቤቱን ሲነግራቸው ስሙን ደግመው ጠየቁት። ከዚያ ቁልፉን መልሰው ሰቀሉና የጓሮውን ክፍል ቁልፍ ሰጡት።

የመንግሥት ሰው መሆኔን ሲያውቁ ቂማቸውን ተወጡብኝ ብሎ አሰበ።

ሲነጋ አንገቱ በትኋን አብጦ፣ እጁን እያከከ መጣባቸው።

"ይህ የሰው ማደሪያ ነው? በረሮው ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ኮርኒሱ ውስጥ ደግሞ አይጥ ይራወጣል። ክፍል ቀይሩልኝ።"

"ማሎ፣ እዚያው ይሁኑልኝ" አሉ በልመና።

"የፊት ክፍሎች ባዶ ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ኤዬ፣ ባዶ ናቸው።"

"ታዲያስ?"

"ለእርስዎ ያኛው ይሻላል ብዬ ነው።"

ከንግግራቸው ይልቅ እርጋታቸው አበገነው። ለትኋኑም ለአይጡም መድኃኒት የሚነፋ ሰው ልጥራ ሲላቸው፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥተው በፈላ ውሃ አጠቡለት፤ ኮርኒሱን ግን አታስነኩብኝ አሉ። መድኃኒት ነፊው መሰላሉን ይዞ ሲመጣም በር ላይ ቆመው መለሱት።

ዓለምብርሃን ይህን ሲያይ ነገሩ ከቂም የባሰ መሰለው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ወይዘሮ ዘይቡ ራሳቸው ሻይ ይዘውለት መጡ። አልሄዱም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የአዲስ አበባን ወሬ ይጠይቁት ጀመር። ጆሮው የማይሰማ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት። መልሱ ሲያጥርባቸው ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ። እሱም ከመሰልቸቱ የተነሣ በቁጣ፣ ጮክ ብሎ ይመልሳል።

"ልጆች አሉዎት?" አሉት በመጨረሻ።

"የለኝም።"

"አንድም?"

"የለኝም አልኩ እኮ።"

ባለፈው ዓመት በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የአብዮት ጠላት ልጄ አይደለም ብሎ ከተናገረ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

ሴትዮዋ ሻዩ ሳያልቅ ብርጭቆውን አነሡ። "አላህ ያውቃል" ብለው ወጡ። ኮርኒሱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የነበረውም ነገር ዝም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዓለምብርሃን ሸሚዙን ሲቆልፍ ከኮርኒሱ ስንጥቅ አንድ የቡና ፍሬ ትራሱ ላይ ወደቀች። አነሣት። ለምግብ እንደሚቆላ ቡና በቅቤ የወዛች ናት፤ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ቀና ብሎ ሲያይ ጣውላው ከባድ ነገር ተጭኖት ወደ ታች ጎብጧል።

ሁሉም ነገር በራለት። ክፍሉን ያበላሹት ሆን ብለው ነው፤ እንግዳ እንዳይሰነብትበት። መድኃኒት ነፊውን የመለሱት ለዚሁ ነው። ቤቷ የተወረሰባት ሴት ጣሪያዋ ውስጥ የኮንትሮባንድ ቡና ደብቃ፣ የቡና መርማሪ ከሥሩ አስተኝታ ትስቅበታለች። እንደዚህ የተናቀበት ጊዜ ትዝ አላለውም።

ቁርሱን ሳይበላ ወደ ቀበሌው ሄደ። የጥበቃ ጓዱ መሪ ቲጃኒ ጠመንጃ ከያዘ ባልደረባው ጋር ተከትሎት መጣ።

ወይዘሮ ዘይቡ የክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"ወላሂ ቡና የለም" አሉ። ከዚያ ወደ ዓለምብርሃን ዞሩ። "ይስሙኝ። አንድ ነገር ለብቻዎ ልንገርዎ።"

"ለብቻዬ የምሰማው ነገር የለም። እዚሁ በሰው ፊት ይናገሩ።"

"ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ማሎ።"

"ሊያባብሉኝ ነው? ይልቅ ከበሩ ዞር ይበሉ።"

ሴትዮዋ ቲጃኒን አዩት፣ ጠመንጃውን አዩት፣ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቲጃኒ በክንዱ ገፍቶ ገለል አደረጋቸው።

ባልደረባው አልጋው ላይ ወጥቶ ኮርኒሱን በሰደፍ መታው። ዓለምብርሃን "እዚያ ጋ፣ የጎበጠው ጋ" እያለ በጣቱ ያመለክታል። ጣውላው ተሰነጠቀ። የዓመታት አቧራና የአይጥ ኩስ አልጋው ላይ ተደፋ። ቀጥሎ ባዶ እግር ታየ፣ ከዚያ የተቀዳደደ ቀሚስ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከነጣውላው ፍራሹ ላይ ወደቀ።

ቡና አልነበረም። ፀጉሯ የተቆረጠ፣ በአጥንቷ የቀረች ልጅ ናት። ፊቷ በአቧራ ተለስኗል። ስታስል ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቀና አላለችም።

ወይዘሮ ዘይቡ ግድግዳው ሥር ቁጭ አሉ።

"አየህ?" አለ ዓለምብርሃን ለቲጃኒ፤ ቁጣው ገና አልበረደም። "እኔ የሌባ መጋዘን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የወንበዴ መደበቂያ ኖሯል። ቡናውም ቢፈለግ አይጠፋም። እኔ ምስክር ነኝ፣ ሁለቱንም ውሰዷቸው።"

ቲጃኒ ልጅቱን ክንዷን ይዞ አስነሣት።

"ስምሽ ማነው?"

ልጅቱ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

"ስምሽን ተጠየቅሽ። ከነአባትሽ ተናገሪ።"

ልጅቱ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓለምብርሃንን አየችው።

"ብርሃንነሽ ዓለምብርሃን።"