የጎበጠው ግድግዳ

ኤርሲሊያ ቤቷን ትታ ላትሄድ ምላለች። ልጇ ፋውስቶ ከሮም ዳር አዲስ አፓርታማ ውስጥ ለእሷና ለአባቱ ክፍል አዘጋጅቶ ይጨቀጭቃታል። አሳንሰር አለው፣ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ነው ይላታል።

የእሷ ቤት በአንድ ጥንታዊ የሮማውያን ቲያትር ፍርስራሽ ላይ የተሠራ ነው። የተመልካቾቹን መቀመጫ ተሸክሞ የነበረው ግንብ ግማሽ ክብ ሠርቶ ስለሚዞር፣ ከላዩ የተገነባው ቤትም እሱን ተከትሎ ጎብጧል። ከገበያ የተገዛ ቁም ሣጥን ግድግዳው ጋ ገጥሞ አይቆምም። ደግነቱ ባሏ ኦሬስቴ አናጢ ነው። አልጋውንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ የፋውስቶን የሕፃንነት አልጋ ሳይቀር ጀርባቸውን አጉብጦ ሠራቸው። ለዚህ ቤት ቀጥ ያለ ዕቃ ሠርቶ አያውቅም።

በዚያ የብርድ ወራት ኦሬስቴ ምድር ቤት ካሉት የጥንት ቅስቶች ሥር፣ ከመሥሪያው አልወጣ አለ። ሐኪም ዘንድ ደርሶ ሲመጣ ወገቤን ነው ብሏት ነበር። የሽምብራ ሾርባውን ጀምሮ ይተወዋል፤ ሱሪውም ሰፍቶታል። ኤርሲሊያ የደበቀኝ ነገር አለ ብላ አንድ ቀን ወረደች።

ከጥድ ጣውላ አንድ ረጅም ዕቃ ጀምሯል። ጀርባውን በእጇ ዳሰሰችው። ቀጥ ያለ ነበር።

«ይሄ እኛ ቤት አይገጥምም» አለችው።

«አይገጥምም» አለ መላጊያውን ሳያቆም።

«ከልጅህ ጋር ዶልታችሁ ጨረሳችኋ። እኔ የምሰማው ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን ነው?»

«አንቺ ከዚህ ቤት አትወጪም። ለፋውስቶም ነግሬዋለሁ።»

«እና ይሄ ለማን ነው?»

ኦሬስቴ ጣውላው ላይ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለሚሄድ ሰው።»

ኤርሲሊያ ወደ ደረጃው ዞረች። ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት የኖረ ሰው ለአሳንሰር ብሎ ጥሏት ሊሄድ ነው።

«እንግዲያው ብቻህን ሂድ!»

ከዚያ ቀን ጀምራ አኮረፈችው። ሾርባውን ታቀርብለትና ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ፋውስቶ እሑድ እሑድ ሲመጣ ስለ አፓርታማው ማንሳት ተወ፤ ቀጥ ብሎ ወደ ምድር ቤት ይወርድና ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል። ይፈር፣ አለች በሆዷ።

ኦሬስቴ ማታ ማታ ጎኗ ሲጋደም አንድ ነገር ሊላት አፉን ይከፍታል። ኤርሲሊያ ግን ፊቷን ወደ ጎበጠው ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ደህና እደር እንኳ አላለችውም።

የፋሲካ ሰሞን አራት ጎረቤቶች ያንን ዕቃ በትከሻቸው ተሸክመው ከቤት ወጡ፤ ኦሬስቴ ውስጡ ነበር።