ሳይጠሩት የመጣ ምጥ

ምጥ በቀጠሮና በመርፌ ብቻ በሚመጣበት ዘመን፣ የስንዱ ምጥ ቅዳሜ ረፋድ ልብስ እያሰጣች ሳለ ሳይጠሩት መጣ። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነበር።

"መርፌውን ሳይወጉሽ እንዴት ይመጣል?" አለ ባሏ ይድነቃቸው፣ ቅር እንዳለው ሰው።

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ሆዴ ውስጥ ያለውን ጠይቅ!"

ሐኪም ቤት ደወለ። የሚመልሰው ማሽን በትሕትና "ቀጠሮዎ ማክሰኞ ነው፤ እስከዚያ መልካም ዕረፍት" ብሎ ዘጋበት። እናቱን ጠራ።

እማማ ትርንጎ መጥተው ግራ ተጋብተው ቆሙ። "ልጄ፣ እኔም አንተን የወለድኩህ በመርፌ ነው። እናቴ ግን ድሮ ሴቶቹ ተሰብስበው 'ማርያም፣ ማርያም' ይሉ ነበር ትለኝ ነበር።"

ይድነቃቸው ሴቶቹን ሊሰበስብ በየበሩ አንኳኳ። ጎረቤቶቹ ጩኸቷን ሰምተዋል።

"ገንፎውን ያሰብነው ለማክሰኞ ነው" አለችው አንዷ። "ዛሬ እልል ብንል ማክሰኞ ምን ልንል ነው?"

ብቻውን ተመለሰ። እሱና እናቱ ስንዱን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እያፈሩ "ማርያም፣ ማርያም" አሉ።

"ጮክ በሉ እንጂ!" ብላ ተቆጣች። ጮክ አሉ።

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ተወለደች። እማማ ትርንጎ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የደስታ እንባ ቀደማቸው።

ማክሰኞ ጎረቤቶቹ ከነገንፏቸው በሰዓቱ ደረሱ። ቆማ የነበረችውን ስንዱን አስተኝተው እልልታውን አቀለጡት። ተኝታ የነበረችው ሕፃን ደንግጣ አለቀሰች።

"ይኸው፣ ተወለደች!" ተባባሉ።