የቤቱ ታናሽ

በጣና ዳር በሚገኘው በመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቤት ምሳው ቀርቦ ነበር። ልጃቸው የሠራው ሮቦት መሪጌታንና ቤተ ሰቡን በዕድሜ ተራ ካስታጠበ በኋላ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና የብረት እጆቹን ዘረጋ።

«እኔንስ ማን ያስታጥበኝ?»

ልጃቸው ደንግጦ ተነሣ፤ ይህን ቃል አላስተማረውም ነበርና። መሪጌታ ግን የቤታቸው ሥርዓት ሲደፈር ዝም አላሉም።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሦስት ወር፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ታናሽ ያስታጥባል እንጂ አይታጠብም! ከአንተ የሚያንስ እስኪመጣ ጠብቅ።»

ሮቦቱ እጆቹን ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ምራታቸው ዞሮ ሆዷን ትክ ብሎ ተመለከተ።

«ሰባት ወር እታገሣለሁ» አለ።

ለባሏ እንኳ ገና ያልነገረችው ምሥጢር ነበርና ነጠላዋን ወደ ሆዷ ሰበሰበች። መሪጌታ ማንቆርቆሪያውን አነሡ።

«ዘርጋ፣ ልጄ፤ ታናሽህማ መጥቷል» አሉ።