ቀዩ ቀሚስ

ባሏ ከሙኒክ ሮም የሚወስድ ባቡር ሲያፈላልግ ሰነበተ። ስልክ የሚያወራው በረንዳ እየወጣ ነው። አንድ ቀን መጋረጃው ጋ ቆማ ሰማችው።

«ብርዛፍ፣ እስካሁን አልጠረጠረችም። አደራ፣ እንዳትሰማ።»

ብርዛፍ ሮም የምትኖረው እህቷ ጎረቤት ናት፤ ድሮ ባሏ ሊያገባት አስቦ የነበረ ቆንጆ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለችው።

«ላንቺም ቆርጫለሁ። እህትሽን ትጠይቂያለሽ።»

«አዎ፣ እኔ እህቴን፣ አንተ ጎረቤቷን።»

በጉዞው ቀን ቀዩን ቀሚሷን ለበሰች።

«እባክሽ፣ ሌላ ልበሺ።»

«ምነው፣ ከብርዛፍ እንዳልበልጥ ፈራህ?»

ሻንጣዎቹን አንስቶ ወጣ።

ሮም ሲደርሱ የእህቷን በር የከፈተችው ብርዛፍ ናት። ከኋላዋ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቤቱን ሞልተውታል። እህቷ አጠገብ በእናታቸው ፎቶ ፊት ጧፍ በርቷል። ብርዛፍ ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ቀዩን ቀሚስ ሸፈነችላት።